የበረዶ ጎማ አመራረጥ፦ መኪናው መነሳቱን ሳይሆን መቆሙን ጠይቁ

ዴንቨር በገባሁ በመጀመሪያው ዊንተር ነው። ከሌሊቱ አሥር ሰዓት፣ ኤርፖርት የማደርሰው ሰው ይዣለሁ። ማታ ትንሽ በረዶ ጥሎ አቁሟል። መንገዱ እርጥብ ይመስላል እንጂ የሚያስፈራ ነገር የለውም። ቁልቁለቱን ወርጄ መብራቱ ቀይ ሲሆን ፍሬን ያዝኩ። ፔዳሉ እግሬ ሥር ተንቀጠቀጠ፣ ታ ታ ታ አለ። መኪናው ግን ጉዳዬም አላለው። እንደ ጀልባ ዝም ብሎ፣ ቀስ ብሎ መስቀለኛውን አቋርጦ ማዶ ሄዶ ቆመ። ደግነቱ በዚያ ሰዓት ከግራም ከቀኝም የሚመጣ አልነበረም። ሰውዬው ከኋላ ስልኩን እያየ ነበር። ከምን እንደተረፈ እስከ ዛሬ አያውቅም።

ጎማዬ ያረጀ አልነበረም። የሸጠልኝ ሰው «ኦል ሲዝን ነው፣ ለሁሉም ወቅት ማለት ነው፣ ስሙ ራሱ ይናገራል» ብሎኝ ነበር። በዚያ ላይ መኪናው ኦል ዊል ድራይቭ ነው፣ ሞተሩ አራቱንም ጎማ የሚያዞረው። ሥራ ላይ የማውቃቸው አንድ አንጋፋ ሾፌር ይህንን ስነግራቸው ሳቁ። «እሱማ ለመነሳት ነው ልጄ። ለመቆም ጊዜ ሁሉም መኪና ያለው ያው ፍሬንና ያው ላስቲክ ነው» አሉኝ። ከዚያ ወዲህ ጎማ ስመርጥ የምጠይቀው ስለ መቆም ነው። ከታች ያለውም ሁሉ ከዚያ የወጣ ነው።

አንድ ነገር ላስቀድም። «የክረምት ጎማ» አልልም። እኛ ዘንድ ክረምት ማለት ሐምሌና ነሐሴ ነው፣ ዝናብና ጭቃ። «የበረዶ ጎማ» ብል ይሻላል። እሱም ቢሆን ሙሉ እውነት አይደለም፣ ምክንያቱን ትንሽ ቆይታችሁ ታዩታላችሁ።

መጀመሪያ በረዶውን ለዩ

አማርኛችን በዚህ ነገር ላይ ትንሽ ቆጣቢ ነው። ጠጠር ሆኖ ቆርቆሮ የሚደበድበውም በረዶ ነው፣ ፍሪጅ ውስጥ ያለውም በረዶ ነው፣ እንደ ጥጥ እየተንሳፈፈ የሚወርደውም በረዶ ነው። አመዳይ የሚል ቃል አለን፣ ግን ዳዊት ከሚደግም ሰው በቀር ማን ይጠራዋል? ለጎማ ግን ልዩነቱ ትልቅ ነው። እኔ በአራት እከፍለዋለሁ።

ዱቄቱ አዲስ የወረደው ነው፣ ማንም ያልረገጠው። የተረገጠው ደግሞ መኪና ተመላልሶበት የጠጠረው፣ ነጭና ደልዳላ የሆነው ነው። በሁለቱም ላይ ጎማ የሚይዘው በጥርሱ ነው። ልጆች በረዶ ጠፍጥፈው ሲወራወሩ አይታችኋል? በረዶ ከበረዶ ጋር ይጣበቃል። ጥሩ የበረዶ ጎማም ጥርሱ መሃል በረዶ ጠቅጥቆ ይይዛል፣ ያ የያዘው በረዶ ከመንገዱ በረዶ ጋር ይያያዛል። ጎማችሁ ነጭ ሆኖ ካያችሁት ሥራውን እየሠራ ነው።

ሦስተኛው ሊጡ ነው። ቀን ላይ ፀሐይ ሲያገኘው ወይም ጨው ሲበተንበት የሚላመው፣ ውሃ የቋጠረው። እዚህ ላይ አደጋው መንሳፈፍ ነው፣ ጎማው ሊጡን ገፍቶ ወደ ጎን ማስወጣት አለበት።

አራተኛው መስታወት ነው፣ ረግቶ እንደ መስታወት የለሰለሰው፣ እኔን ያሳለፈኝ። ብላክ አይስ የምንለው፣ አስፋልቱ ላይ የማይታየው ስስ በረዶም ከዚሁ ወገን ነው። ሰዎች የሚሳሳቱት እዚህ ጋ ነው። በረዶ በጣም ሲቀዘቅዝ ይበልጥ የሚያንሸራትት ይመስላቸዋል። በተቃራኒው ነው። ከዜሮ ሴልሺየስ 20 ዲግሪ በታች የሆነ መስታወት ደረቅ ነው፣ ትንሽ ይይዛል። ክፉው ዜሮ አካባቢ ያለው ነው፣ ላዩ ላይ ስስ ውሃ አለው። ጎማው ያንን ውሃ ካልጠረገ በረዶውን አይነካውም።

ቁጥሩን በግምት እዩት። በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር፣ ማለትም ወደ 30 ማይል እየነዳችሁ ፍሬን ብትይዙ፣ ደረቅ አስፋልት ላይ 15 ሜትር ገደማ ይበቃችኋል። መስታወት ላይ ወደ 100 ሜትር ሊጠጋ ይችላል። የኳስ ሜዳ ርዝመት ማለት ነው። ፍጥነታችሁን እጥፍ ካደረጋችሁ ደግሞ ርቀቱ አራት እጥፍ ይሆናል።

እንግዲህ ወረቀት ያዙና ጻፉ፦ ከቤት የምወጣው በስንት ሰዓት ነው? በዚያ ሰዓት መንገዱ ላይ የማገኘው የትኛውን ነው? ዴንቨርና አውሮራ ላይ ቀን ፀሐይ ያቀልጠዋል፣ ማታ ተመልሶ ይረጋል። ጠዋት ከሦስት ሰዓት በኋላ ለሚወጣ ሰው ሊጥ ነው። ሌሊት አሥር ሰዓት ለሚወጣ ሰው መስታወት ነው። አንድ ከተማ፣ አንድ ሰፈር፣ ሁለት የተለያየ ጎማ።

ላስቲኩን በጥፍራችሁ ሞክሩት

ቅቤ ከፍሪጅ ስታወጡት ቢላ አይገባውም። ትንሽ ሲቆይ ይለሰልሳል። ላስቲክም እንደዚያ ነው። የበጋ ጎማ 7 ሴልሺየስ፣ ማለትም 45 ፋራናይት አካባቢ ሲደርስ መጠንከር ይጀምራል። ከዜሮ በታች ሲሆን እንደ ፕላስቲክ ይደርቃል። የበረዶ ጎማ ላስቲክ ግን በብርድም እንዲለሰልስ ተደርጎ የተቀመመ ነው። ስለዚህ ነው ስሙ ሙሉ እውነት አይደለም ያልኩት። በረዶ ባይኖርም፣ መንገዱ ደረቅ ሆኖ ብርዱ ብቻ ቢጠና እንኳ ይጠቅማል።

ማመን ካቃታችሁ በብርድ ጠዋት ሁለት መኪና ጎን ለጎን የቆመበት ሂዱ። አንዱ የበረዶ ጎማ ያለው ይሁን። ጥርሱን በአውራ ጣት ጥፍር ተጫኑት። አንዱ ትንሽ ይሰረጉዳል፣ ሌላው እንደ ድንጋይ ነው። ከዚያ ጥርሱን ቀረብ ብላችሁ እዩ። በበረዶ ጎማው እያንዳንዱ ጥርስ ላይ ምላጭ የቆረጣቸው የሚመስሉ ቀጫጭን ስንጥቆች ታያላችሁ፣ እንደ ዚግዛግ የሚሄዱ። ፍሬን ስትይዙ እነዚህ ይከፈታሉ። ጠርዛቸው መስታወቱን ይቧጥጣል፣ ያንን ስስ ውሃም ይጠርጋል።

የጎኑን ጽሑፍ ማንበብ

አሁን የጎማውን ጎን እዩ። ሁለት ምልክት ፈልጉ።

የመጀመሪያው ኤም እና ኤስ የሚሉ ፊደላት ናቸው፣ ጭቃና በረዶ ለማለት። ይህ ምልክት የጥርሱን ቅርፅ ብቻ ነው የሚናገረው። ማንም በረዶ ላይ ወስዶ አልፈተነውም። ኦል ሲዝን ጎማ ሁሉ ማለት ይቻላል ይህ አለው። የእኔም ነበረው።

ሁለተኛው ሥዕል ነው፦ ሦስት ጫፍ ያለው ተራራ፣ መሃሉ ላይ የበረዶ ቅንጣት። እ.ኤ.አ. ከ1999 ጀምሮ ነው የመጣው (ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶችም ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው)። ይህ ተፈትኗል። በአሜሪካው ፈተና ጎማው መካከለኛ በተረገጠ በረዶ ላይ ሲጎትት ይለካል፣ ከማነጻጸሪያው ጎማ ቢያንስ በ10 በመቶ መብለጥ አለበት። ተራራው የሌለውን ጎማ አትግዙ። ግን ልብ በሉ፣ የሚለካው መጎተት ነው፣ የተረገጠ በረዶ ላይ። መስታወት ላይ መቆም አይደለም። ተራራው መግቢያ ፈተና እንጂ ዲግሪ አይደለም።

አውሮፓ ያላችሁ አንድ ተጨማሪ አላችሁ። እ.ኤ.አ. ከሜይ 2021 ወዲህ በወጣው የአውሮፓ ኅብረት የጎማ መለያ ወረቀት ላይ፣ መስታወት ላይ ለተፈተነ ጎማ ለብቻው የበረዶ ቋጥኝ የመሰለ ምልክት ተሰጥቶታል። ስቶክሆልም ወይም ኦስሎ ላላችሁ ከተራራው ይልቅ እሱን ፈልጉ።

የትኛው ዓይነት?

ዋናው ውሳኔ ይሄ ነው። ሱቅ ውስጥ በደርዘን የሚቆጠር ስም ይደረድሩላችኋል። ስሙን ተዉት፣ ዓይነቱ አራት ነው።

ኦል ዌዘር የሚባለው አለ። ከኦል ሲዝን ጋር አታምታቱት፣ ሻጮችም ያምታቱታል። ኦል ዌዘር ተራራው አለው፣ ዓመቱን ሙሉ ሳይወልቅ ይነዳል። የሚሽሊን ክሮስክላይሜት 2 የዚህ ወገን ነው። ሲያትል ወይም ዲሲ ላላችሁ፣ በዓመት ጥቂት ቀን ብቻ በረዶ ለምታዩ፣ ሲብስም ቤት መቀመጥ ለምትችሉ ሰዎች በቂ ነው። አራት ጎማ ማስቀመጫ የሌለው አፓርታማ ለሚኖርም መልካም ነው። መስታወት ላይ ግን ከእሱ ብዙ አትጠብቁ።

ሁለተኛው የመካከለኛው አውሮፓ ዓይነት ነው። ጀርመን፣ ስዊዘርላንድ የምታዩት። ለእርጥብ መንገድ፣ ለሊጥ፣ ለአውቶባን ፍጥነት የተሠራ ነው። ጎኑ ላይ ኤች ወይም ቪ የሚል የፍጥነት ፊደል፣ ማለትም ጎማው የሚችለውን ከፍተኛ ፍጥነት የሚነግር ፊደል ይኖረዋል። ፍራንክፈርት ያለ ሰው ከዚህ በላይ አያስፈልገውም።

ሦስተኛው ለስላሳው፣ ጥርሱ ላይ የብረት ሚስማር ያልተተከለበት የመስታወት ጎማ ነው። የፍጥነት ፊደሉ ብዙውን ጊዜ ኪው፣ አር ወይም ቲ ነው። የዚህ ጎማ ታሪክ ደስ ይለኛል። ጃፓኖች ድሮ ሚስማር ባለው ጎማ ነበር የሚነዱት። ሚስማሩ አስፋልቱን እየፈጨ ከተማውን በአቧራ ሞላው። መንግሥት እ.ኤ.አ. በ1990 ሕግ አውጥቶ ከለከለው። ከዚያ በፊት ሁለት ዓመት ቀደም ብሎ ብሪጅስቶን ብሊዛክን አውጥቶ ነበር፣ ላስቲኩ እንደ እንጀራ ዓይን ዓይን ያለው። ዓይኖቹ በጣም ደቃቅ ስለሆኑ አይታዩም፣ ግን ያንን ስስ ውሃ ይመጡታል። ዛሬ የሚሽሊን ኤክስ-አይስ፣ የኖኪያን ሃካፔሊታ ያለ ሚስማሩ፣ ሁሉም በየራሳቸው ዘዴ እዚያው ነጥብ ላይ ይሠራሉ። ለሚኒሶታ፣ ለካልጋሪ፣ ለኤድመንተን፣ ሌሊት ለሚወጣ የዴንቨር ሾፌርም ይህን እላለሁ።

ጉድለቱንም ልንገራችሁ። ለስላሳ ስለሆነ በሙቀት ቶሎ ያልቃል። ብሊዛክ ላይ ደግሞ ያ ዓይን ያለው ላስቲክ በብዙዎቹ ሞዴሎች እስከ ታች ድረስ አይሄድም። ከግማሽ ትንሽ አለፍ ሲል ከሥሩ ሌላ ላስቲክ ይመጣል። ስለዚህ «ጥርሱ ገና ብዙ አለው» ተብሎ የሚሸጥ ያገለገለ ብሊዛክ ሲያጋጥማችሁ ተጠንቀቁ። ደረቅ አስፋልት ላይ መሪው ትንሽ ይላላል፣ ኩርባ ላይ መኪናው የሚዋዥቅ ይመስላል። እኔ በሁለት ሳምንት ለመድኩት።

አራተኛው ሚስማር ያለው ነው። ዜሮ አካባቢ ባለ እርጥብ መስታወት ላይ የሚደርስበት የለም። ግን ይጮኻል፣ መንገድ ያበላሻል፣ ደረቅ ወይም እርጥብ አስፋልት ላይ ደግሞ ከሌላው ያነሰ ይይዛል። በየአገሩም ሕጉ ይለያያል። ኮሎራዶ ይፈቅዳል። ሚኒሶታ ለነዋሪው ይከለክላል። ኦንታሪዮ በደቡቡ ይከለክላል፣ በሰሜኑ ይፈቅዳል። ጀርመን ይከለክላል። ስዊድን ከኦክቶበር 1 እስከ ኤፕሪል 15 ትፈቅዳለች፣ ስቶክሆልም ውስጥ ግን ሆርንስጋታን የሚባለው መንገድ ላይ ከ2010 ጀምሮ አይገባም። ገጠር ካልኖራችሁና ጨው የማይበተንበት መንገድ ካልነዳችሁ በቀር ይቅርባችሁ።

ኦል ዊል ድራይቭ ያላችሁስ? ያው ነው። እንዲያውም እናንተ ይበልጥ ያስፈልጋችኋል። መኪናው በቀላሉ ስለሚነሳ መንገዱ ምን ያህል እንደሚያንሸራትት አይነግራችሁም። የምታውቁት ፍሬን ስትይዙ ነው።

ልኩ

የሾፌሩን በር ክፈቱ። ምሰሶው ላይ የተለጠፈ ወረቀት አለ። እዚያ ላይ ለምሳሌ 215/55 አር 17 ይላል። 215 ወርዱ ነው በሚሊ ሜትር። 55 ማለት የጎኑ ቁመት የወርዱ 55 በመቶ ነው። 17 የቸርኬው ዲያሜትር በኢንች ነው። ከዚያ 94 ቪ ዓይነት ነገር ይከተላል። 94 አንዱ ጎማ እስከ 670 ኪሎ ይሸከማል ማለት ነው። ከዚህ ቁጥር በታች አትውረዱ። የፍጥነት ፊደሉ ግን ለበረዶ ጎማ ዝቅ ቢል ችግር የለውም። ቲ እንኳ በሰዓት 190 ኪሎ ሜትር ነው፣ በበረዶ ማን ይነዳዋል? አውሮፓ ያላችሁ ግን ቀድማችሁ ጠይቁ፣ ዝቅ ካለ መሪው አካባቢ ማስታወሻ ለጥፉ የሚሉ አገሮች አሉ። ኤሌክትሪክ መኪና ያላችሁ ደግሞ ባትሪው ከባድ ነው፣ ኤክስ ኤል የሚል ጽሑፍ ያለውን፣ ከባድ ጭነት የሚችለውን ጠይቁ።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የማያውቀው የገንዘብ ማዳኛ አለ። ለበረዶ ቀጭን ጎማ ይሻላል። ሰፊው ዱቄቱና ሊጡ ላይ ይንሳፈፋል፣ ቀጭኑ ቆርጦ ይገባል። ለምሳሌ ካምሪ ብትወስዱ፣ ከ2018 ወዲህ ያለው ሞዴል እንደየደረጃው በ18፣ በ17 እና በ16 ኢንች ቸርኬ ወጥቷል፦ 235/45 አር 18፣ 215/55 አር 17፣ 205/65 አር 16። ጠቅላላ ቁመታቸው እጅግ ይቀራረባል። ስለዚህ 18 ያለው ሰው ለበረዶ በ17 ቸርኬ ቢገዛ ጎማው ይረክሳል፣ ጉድጓድም ይችላል፣ በረዶም ይቆርጣል። ብቻ ቸርኬው የፍሬኑን ካሊፐር (ሸራውን የሚጨብጠውን ክፍል) እንዳይነካ ለመኪናችሁ የተፈቀደውን ልክ ጎሚስታው ያረጋግጥላችሁ።

ሁለት ብቻ አትግዙ

«የሚጎትተው የፊቱ ነው፣ ለፊት ሁለት ይበቃኛል» የሚል ሰው በየዓመቱ አገኛለሁ። ብሩ እንደሚከብድ አውቃለሁ። ግን አስቡት፣ ፊቱ ያዘ፣ ኋላው አልያዘም። ኩርባ ላይ ፍሬን ስትይዙ ኋላው ይቀድማችኋል። መኪናው ዞሮ የመጣችሁበትን ያሳያችኋል። ሁለት ብቻ መግዛት ከምንም አይሻልም፣ ይብሳል። ብሩ ካልሞላ አራት ርካሽ ግን ተራራው ያለበት ጎማ ግዙ። አራቱም አንድ ዓይነት ይሁኑ።

መቼና እንዴት ይገዛል

እንቁጣጣሽን ካከበራችሁ በኋላ ጎማ ማሰብ ጀምሩ። መስቀል ሳያልፍ ግዙ። የመጀመሪያው በረዶ የጣለ ቀን የጎማ ሱቅ ሰልፍ የታክሲ ሰልፍ ያስመኛል፣ የምትፈልጉት ልክም አልቆ ይጠብቃችኋል። ማስገጠሙን ጠዋት ጠዋት ያ 7 ዲግሪ ሲለመድ አድርጉት። ዴንቨር ላይ ኦክቶበር መጨረሻ ከሆነ አልዘገያችሁም።

ስትገዙ የተመረተበትን ቀን እዩ። ዲ ኦ ቲ ከሚለው ጽሑፍ መጨረሻ አራት አኃዝ አለ። 2324 ካለ በ2024 23ኛው ሳምንት ላይ ተሠርቷል። ላስቲክ ሳይነዳም ያረጃል። አዲስ ብለው ሦስትና አራት ዓመት የቆየ ሲሰጧችሁ ወይ ዋጋ አስቀንሱ ወይ ሌላ አስመጡ። ያገለገለ ከሆነ ስድስት ዓመት ያለፈውን አልነካም። የጥርስ ጥልቀት መለኪያ ጥቂት ዶላር ነው፣ ኪስ ውስጥ ይገባል። አዲስ የበረዶ ጎማ ከ8 እስከ 9 ሚሊ ሜትር ገደማ ይኖረዋል። 4 ሲደርስ ለበረዶ አለቀ ማለት ነው። በብዙ ቦታ 1.6 እስኪደርስ መንዳት ይቻላል ሲባል ትሰማላችሁ፣ ያ የበጋ ወሬ ነው።

ከቻላችሁ ለብቻው ቸርኬ ግዙለት። መጀመሪያ ላይ ወጪው ያማል። ግን በዓመት ሁለት ጊዜ ጎማ ከቸርኬ ለማስፈታትና ለማስገጠም፣ ባላንስ ለማስደረግ የምትከፍሉት በሁለት ሦስት ዓመት ይመልሰዋል። ጎማውም በየጊዜው በብረት አይፈለቀቅም። ክሪክና የዳዶ ቁልፍ ካላችሁ ደግሞ ራሳችሁ በር ላይ ትቀይሩታላችሁ። አንድ የሚረሳ ነገር አለ፦ የንፋስ ሴንሰሩ። አዲሱ ቸርኬ ውስጥ ካላስገባችሁ ያቺ የፈረስ ኮቴ ውስጥ ቃለ አጋኖ ያለባት ቢጫ መብራት ዊንተሩን ሙሉ ታፈጥባችኋለች።

ስለ ወጪው የሚያስቡ ሰዎች አንድ ነገር ይረሳሉ። በረዶው ሲለበስ የበጋው ያርፋል። ሁለት ስብስብ ስታፈራርቁ እያንዳንዱ ቀስ ብሎ ነው የሚያልቀው። ኦንታሪዮ ያላችሁ ደግሞ ኢንሹራንሳችሁን ጠይቁ፣ ከ2016 መጀመሪያ ጀምሮ ለበረዶ ጎማ ቅናሽ እንዲሰጡ ግዴታ አለባቸው።

የሚገጠም ቀን

ቆማችሁ እዩ። ብዙዎቹ የበረዶ ጎማዎች ጎናቸው ላይ የመዞሪያ ቀስት አላቸው። ቀስቱ መኪናው ወደፊት ሲሄድ ጎማው የሚዞርበትን ማሳየት አለበት። አንድ ሱቅ ሁለቱን ገልብጦ ገጥሞልኝ ሳላውቅ ሁለት ሳምንት ነድቻለሁ። የገጠመውን ልጅ አልወቅሰውም፣ ከኋላዬ ሃያ መኪና ተሰልፎ ነበር። ግን ቀስት ማየት ሰላሳ ሰከንድ አይፈጅም።

ዳዶዎቹን በቶርክ ቁልፍ፣ በመኪናው መጽሐፍ ላይ ባለው ልክ ያጥብቁላችሁ። 80 ኪሎ ሜትር፣ ማለትም 50 ማይል ያህል ከነዳችሁ በኋላ እንደገና ይፈተሹ። ላላ የሚል ካለ ያኔ ይታወቃል። አዲስ ጎማ የመጀመሪያውን 500 ኪሎ ሜትር ገደማ ረጋ ብላችሁ ንዱት፣ ላዩ ላይ ያለው የፋብሪካ ልስላሴ እስኪለቅ ድረስ።

ንፋሱን በብርድ ለኩት፣ መኪናው ሌሊቱን ቆሞ ካደረ በኋላ። በየ10 ፋራናይት ቅዝቃዜ 1 ፒ ኤስ አይ (የንፋስ ግፊት መለኪያ) ገደማ ይወርዳል። ከሞቀ ጋራዥ አስነፍታችሁ ውጪ ካሳደራችሁት ጠዋት ያቺ ቢጫ መብራት ብትበራ አትደንግጡ፣ ጨምሩበት። «ንፋስ ሲቀንስ በደንብ ይይዛል» የሚል ምክር ትሰማላችሁ። አሸዋ ላይ እውነት ነው። እዚህ ግን በሩ ላይ ያለውን ቁጥር ተከተሉ።

ሕጉ

ረጅም አላደርገውም፣ በየቦታው ስለሚለያይ የምትኖሩበትን አረጋግጡ። ኮሎራዶ ላይ አይ-70 ላይ ከሞሪሰን እስከ ዶትሴሮ ከሴፕቴምበር 1 እስከ ሜይ 31 የጎማ ሕግ አለ። ኦል ዊል ድራይቭም ይሁን አይሁን ጥርሳችሁ ቢያንስ 3/16 ኢንች ይሁን፣ 4.8 ሚሊ ሜትር ገደማ። ይህ መንገድ ቀልድ አይደለም። የአይዘንሃወር ዋሻ 3,400 ሜትር ላይ ነው፣ ከእንጦጦ ጫፍ ይበልጣል። ብቻ አንድ ነገር አስተውሉ፣ ሕጉ ኤም እና ኤስ ያለውንም ያሳልፋል። ፖሊስ አሳለፋችሁ ማለት መስታወቱ ያሳልፋችኋል ማለት አይደለም።

ኩቤክ ከዲሴምበር 1 እስከ ማርች 15 ግዴታ ነው። ስዊድን ከዲሴምበር 1 እስከ ማርች 31 መንገዱ የዊንተር ሁኔታ ካለው ግዴታ ነው፣ ጥርሱም ቢያንስ 3 ሚሊ ሜትር። ጀርመን ቀን አልቆረጠችም፣ መንገዱ ላይ በረዶ ካለ ብቻ ነው። ከኦክቶበር 2024 ወዲህ ግን እዚያ ተራራው የሌለው፣ ኤም እና ኤስ ብቻ ያለው ጎማ እንደ በረዶ ጎማ አይቆጠርም።

ባዶ ሜዳ ላይ ሞክሩት

የመጀመሪያው በረዶ ሲጥል እሁድ ጠዋት ባዶ የመኪና ማቆሚያ ፈልጉ። የመብራት ምሰሶና የእግረኛ ጠርዝ የሌለበት ይሁን። በሰዓት 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ሂዱና ፍሬኑን ሙሉ በሙሉ ረግጣችሁ ያዙ። ፔዳሉ ይንቀጠቀጣል፣ አትልቀቁት፣ ኤ ቢ ኤስ፣ ጎማው ተቆልፎ እንዳይንሸራተት የሚያደርገው፣ ሥራውን እየሠራ ነው። ወርዳችሁ የተሳበውን ምልክት በእርምጃ ቁጠሩ። ከዚያ በ15 ሞክሩ። አሁንም ቁጠሩ። የእርምጃው ልዩነት ከማንም ምክር ይበልጥ ይገባችኋል። ባለቤቴን ወስጄ ሳስነዳት መጀመሪያ ጮኸች፣ በሦስተኛው ሳቀች፣ በአምስተኛው «አንተ ውረድና ብቻዬን ልሞክር» አለችኝ።

የሚወልቅበትን ጊዜ በፋሲካ እቆጥረዋለሁ። ፋሲካ ቀድሞ የገባ ዓመት ግን አትቸኩሉ። ዴንቨር ላይ በረዶ የሚበዛበት ወር ማርች ነው፣ በማርች 2003 በሦስት ቀን 31.8 ኢንች ጥሏል፣ ኤፕሪል መጨረሻም ይጥላል። ጠዋቱ ከ7 ዲግሪ በላይ ሲለመድ አውልቁ። ከማውለቃችሁ በፊት በጠመኔ «ፊት ግራ»፣ «ኋላ ቀኝ» እያላችሁ ጻፉባቸው። እጠቡና አድርቁ። በጥቁር ላስቲክ ጠቅልላችሁ ፀሐይ የማያገኘው ቦታ አስቀምጡ፣ ከፍሪጅና ከማንኛውም የኤሌክትሪክ ሞተር አርቁ። ከነቸርኬው ከሆነ አንዱን በአንዱ ላይ ደርድሩ፣ ያለ ቸርኬ ከሆነ ቀጥ አድርጋችሁ አቁሙ። ቦታ ከሌላችሁ በክፍያ የሚያስቀምጡ ሱቆች አሉ። ስዊድኖች እንዲያውም «ጎማ ሆቴል» ይሉታል።

የእኔ አራቱ አሁን ሰገነት ላይ በጥቁር ከረጢት ተኝተዋል። ባለፈው ስለካቸው ፊት ግራው 6 ሚሊ ሜትር ቀርቶታል፣ ሌሎቹ 6 ተኩል። ሲመለሱ ያ ግራው ወደ ኋላ ይሄዳል።